ሁለት ጠብታ ደም፣ ሁለት ዕድሜ፦ በቤት የሚሠራ የሥነ ሕይወታዊ ዕድሜ ምርመራ ሲገመገም

በአንድ ማለዳ፣ ከአንድ ጣት፣ በአምስት ደቂቃ ልዩነት የወሰድኳቸው ሁለት የደም ናሙናዎች ወደ አንድ ላቦራቶሪ ሄደው የሁለት ሰዎች የሚመስል ውጤት ይዘው ተመለሱ። የመጀመሪያው ናሙና ባለቤት ሥነ ሕይወታዊ ዕድሜ 44.1 ዓመት፣ የሁለተኛው ደግሞ 49.8 ዓመት ነው ተብሎ ተጽፏል። የሁለቱም ባለቤት እኔ ነኝ፤ ናሙናዎቹን በሰጠሁበት ቀን ከተወለድኩ 46 ዓመት ከሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ሥነ ሕይወታዊ ዕድሜ የሚባለው ከልደት ጀምሮ የተቆጠሩት ዓመታት ሳይሆኑ ሰውነት ምን ያህል እንዳረጀ የሚያሳይ ግምት ነው። ይህ ግምገማ ያንን ውጤት የሰጠኝን አገልግሎት ይመለከታል። የድርጅቱን ስም የማልጠቅሰው፣ ከምነቅፋቸው ነገሮች አብዛኞቹ የእርሱ ብቻ ሳይሆኑ የሥራው ጠባይ ያመጣቸው በመሆናቸው ነው።

ከጥቅሉ ልጀምር፤ በዚህ በኩል የምነቅፈው ብዙ የለም። በውስጡ ሁለት የጣት መውጊያ መርፌዎች፣ አልኮል የተነከረ መጥረጊያ፣ አራት ክቦች የታተሙበት ደም መጣጭ ወረቀት፣ እርጥበት የሚስብ ትንሽ ከረጢትና የመመለሻ ፖስታ አሉ። መመሪያው በሥዕል የተደገፈ ሲሆን፣ ምን መደረግ እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ለምን መደረግ እንዳለበትም ይናገራል፤ ለምሳሌ ጣት አጥብቆ መጨመቅ የማይገባው ከደሙ ጋር የሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ወጥቶ ናሙናውን ስለሚያቀጥነው እንደሆነ፣ ወረቀቱም ሳይደርቅ ቢታሸግ ዲኤንኤው ሊበላሽ እንደሚችል ያስረዳል። ከደም ይልቅ ምራቅ መላክም ይቻላል። እኔ ደምን የመረጥኩት በምራቅ ውስጥ የሚገኙት ሕዋሳት ከነጭ የደም ሕዋሳትና ከአፍ ልባስ ሕዋሳት የተቀላቀሉ ስለሆኑና የቅልቅሉም መጠን ከሰው ሰው፣ አልፎ አልፎም ከቀን ቀን ስለሚለያይ ነው። ሁለት ጥቅል የገዛሁትና በሁለት የተለያዩ መለያ ቁጥሮች ያስመዘገብኩት ደግሞ ሆን ብዬ ነው፤ ሚዛን ከመግዛቱ በፊት አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ አስቀምጦ የማይመዝን ሸማች ያለ አይመስለኝም። ውጤቱ በስድስት ሳምንት ይደርሳል ተብሎ በአምስተኛው ደረሰ።

ሪፖርቱ ሲከፈት በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚታየው ያ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ገጹን ሊሞላ በተቃረበ ፊደል፣ ያለ ምንም የስሕተት ወሰን። ቁጥሩ ከምን እንደተቀዳ ግን በአንዲት አጭር አንቀጽ ይታለፋል፤ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ደግሞ ይህንኑ ነው። ዲኤንኤ በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ ነው። ከአራቱ አንዱ የሆነው ሳይቶሲን፣ ጉዋኒን ከተባለው ፊደል ቀድሞ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሜቲል የተባለች፣ ከአንድ ካርቦንና ከሦስት ሃይድሮጂን የተሠራች ቅጥያ ልትለጠፍበት ትችላለች። ቅጥያዋ ፊደሉን አትለውጠውም፤ በአካባቢው ያለው ጂን እንዲነበብ ወይም ተዘግቶ እንዲቆይ ግን ታግዛለች። የጉበት ሕዋስና የነርቭ ሕዋስ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው ፈጽሞ የተለያየ ሥራ መሥራት የሚችሉት በከፊል በዚህ የተነሣ ነው። በሰው ዲኤንኤ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ወደ 28 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር አንዳንዶቹ ቅጥያቸውን ይጥላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ያልነበራቸውን ያበቅላሉ።

ይህ ለውጥ ከዕድሜ ጋር ምን ያህል ተያይዞ እንደሚሄድ በሚገባ የታየው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ስቲቭ ሆርቫት የተባሉ ተመራማሪ ከ51 ዓይነት ሕብረ ሕዋሳትና ሕዋሳት የተሰበሰቡ ወደ 8,000 የሚጠጉ ናሙናዎችን መረጃ በስሌት መርምረው፣ 353 ቦታዎችን ብቻ በማንበብ የአንድን ሰው ዕድሜ መገመት እንደሚቻል፣ ከግምቶቹም ግማሽ ያህሉ ከእውነተኛው ዕድሜ በ3.6 ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ብቻ እንደሚርቁ አሳዩ። ሥራው ያስደነቀው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከአንጎልም፣ ከኩላሊትም፣ ከደምም የተወሰደ ናሙና በአንድ ቀመር መነበቡ፣ በመላው አካል ውስጥ በአንድነት የሚሄድ አንድ ነገር መኖሩን ይጠቁማልና። ይሁን እንጂ ይህ ቀመር የተሠለጠነው የሰውን የልደት ዕድሜ እንዲገምት ነበር፤ የልደት ዕድሜን ደግሞ ያለ መርፌም እናውቀዋለን። ቀመሩ ፍጹም ቢሆን ኖሮ አንዳች አዲስ ነገር አይነግረንም ነበር። ስለዚህ የሚሸጠው ዕውቀት ያለው በስሕተቱ ውስጥ ነው፤ ማለትም ቀመሩ 50 ብሎ የገመተው የ46 ዓመት ሰው በእርግጥ ሰውነቱ ቀድሞ አርጅቶ ይሁን፣ ወይስ ቀመሩ በእርሱ ላይ ተሳስቶ፣ ወይስ ላቦራቶሪው ናሙናውን አጣሞ አንብቦ ይሁን የሚለው ነው ጥያቄው። ሪፖርቱ ሦስተኛውን አያነሣም፤ ሁለተኛውን አይጠረጥርም፤ የመጀመሪያውን ግን እንደ ተረጋገጠ ነገር ያቀርበዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዓቶች (እንዲህ ያሉት ቀመሮች በዘርፉ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው) ይህን ድክመት ለማረም የተሠሩ ናቸው። በ2018 እና በ2019 ይፋ የሆኑት ፊኖኤጅና ግሪምኤጅ የልደት ዕድሜን ሳይሆን ከሕመምና ከሞት አደጋ ጋር የተያያዙ የጤና መለኪያዎችን እንዲተነብዩ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ በ2022 የወጣው ዳኒዲንፔስ ደግሞ በኒውዚላንድ ዳኒዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ሰዎችን ለዐሥርት ዓመታት በመከታተል ከተገኘ መረጃ የእርጅናን ፍጥነት ለመለካት የተቀመረ ነው። እነዚህ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ሲፈተኑ ማን ቶሎ ሊታመም እንደሚችል ከልደት ዕድሜ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣሉ። እኔ የገዛሁት አገልግሎት ከእነዚህ የትኛውን እንደሚጠቀም ለማወቅ ሪፖርቱን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ፤ ያገኘሁት መልስ «የራሳችን የተሻሻለ ስሌት» የሚል ነው። የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ «የራሳችን የተሻሻለ ቅመም» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይውጠውም፤ በዚህ ዘርፍ ግን የተለመደ ሆኗል።

አሁን ወደ ሁለቱ ቁጥሮች ልመለስ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 5.7 ዓመት ነው፤ መጀመሪያ ሳየው የተሳሳትኩት እኔ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ስድስት የታወቁ ሰዓቶችን ወስዶ፣ አንዱ ናሙና ሁለት ጊዜ ሲለካ በሁለቱ ንባቦች መካከል ከ3 እስከ 9 ዓመት የሚደርስ ልዩነት ሊፈጠር እንደሚችል አሳይቷል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። አብዛኞቹ ሰዓቶች በጥቂት መቶ ቦታዎች ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ቦታ የሚነበበው ከመቶ ስንቱ ሕዋሳት ቅጥያውን ይዘዋል የሚል መጠን ሲሆን፣ የንባብ መሣሪያው በዚያ መጠን ላይ ጥቂት ሲዛነፍ ቀመሩ ትንሿን መዛነፍ በዓመታት አባዝቶ ያወጣታል። ያው ጥናት መፍትሔም አቅርቧል፦ በተናጠል ቦታዎች ላይ ከመመካት ይልቅ በብዙ ሺህ ቦታዎች ላይ በጋራ የሚታየውን የለውጥ አቅጣጫ ማንበብ፤ በዚህ ዘዴ የአብዛኞቹ ድግግሞሾች ልዩነት ወደ 1.5 ዓመትና ከዚያ በታች ወርዷል። ዘዴው በይፋ የታተመ ስለሆነ ማንኛውም ድርጅት ሊጠቀምበት ይችላል። የኔዎቹ እንዳልተጠቀሙበት ቁጥሮቹ ራሳቸው የሚመሰክሩ ይመስለኛል፤ ከተጠቀሙበትም አልሠራላቸውም።

የላቦራቶሪውን ስሕተት ብንተወው እንኳ ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ የደም ጠብታ የማንን ዕድሜ ነው የምትናገረው? የሚነበበው ዲኤንኤ የነጭ የደም ሕዋሳት ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ኒውክለስ ስለሌላቸው ዲኤንኤ የላቸውም። ነጮቹ ደግሞ አንድ ወገን አይደሉም። ገና ጠላት ያልገጠማቸው አዲስ ቲ ሕዋሳት አሉ፤ ከበሽታ ጋር ተዋግተው ትውስታ ይዘው የቀሩ አሉ፤ በደረት ውስጥ ያለው የታይመስ ዕጢ ከወጣትነት ጀምሮ እየሟሸሸ ስለሚሄድ አዲሶቹ ከዓመት ዓመት ይመናመናሉ። ከአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን ተወስደው ተለይተው የተለኩ ሁለት ዓይነት ቲ ሕዋሳት በአንዳንድ ሰዓቶች ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት የዕድሜ ልዩነት እንዳሳዩ ተመዝግቧል። እንግዲህ ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ሕዋሳቱ አርጅተው ሳይሆን የሕዋሳቱ ስብጥር ተለውጦ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ስብጥሩ መለወጡም ራሱ የእርጅና አንዱ ገጽ ስለሆነ ሁለቱን ለመነጣጠል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ በ2023 የወጣ ጥናት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝናና ጽኑ የኮቪድ ሕመም ይህን ዕድሜ በአጭር ጊዜ ከፍ እንደሚያደርጉት፣ ሰውየው ሲያገግም ደግሞ መልሶ እንደሚወርድ አሳይቷል። ባለፉት ሳምንታት ታምሜ እንደሆነ ግን አገልግሎቱ አልጠየቀኝም።

ቅሬታዬን በጽሑፍ አቀረብኩ። መልሱ በሁለት ቀን መጣ፤ ትሑትና ፈጣን ነበር፣ ለዚህ አመሰግናለሁ። ከናሙናዎቹ አንዱ «በዝግጅት ወቅት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል» አሉና የትኛው እንደሆነ ሳይነግሩኝ ሦስተኛ ጥቅል ያለ ክፍያ ሊልኩልኝ ፈቀዱ፤ ነገር ግን ለንጽጽር እንዲመች ከሦስት ወር በኋላ ናሙና እንድሰጥ መከሩኝ። በእነዚያ ሦስት ወራት አኗኗሬን በምንም አልቀየርኩም። አመጋገቤ ያው፣ እንቅልፌ ያው፣ የእግር ጉዞዬም ያው ነበር፤ ሪፖርቱ እንድገዛ የመከረኝን እንክብል አንዱንም አልወሰድኩም። ሦስተኛው ውጤት 46.5 ዓመት ሆኖ መጣ። ከቁጥሩ በታች ወደ ታች የሚያመለክት አረንጓዴ ቀስት ታትሞ «እንኳን ደስ አለዎት፤ ሥነ ሕይወታዊ ዕድሜዎን በ3.3 ዓመት ቀንሰዋል» ይላል። ሥርዓቱ ያነጻጸረው ከ49.8 ጋር ነበር፤ ከ44.1 ጋር ቢያነጻጽር ኖሮ በሦስት ወር ውስጥ 2.4 ዓመት አርጅቻለሁ ተብዬ ቀይ ቀስት በደረሰኝ ነበር። በዚህ መሐል ሌላ ደንበኛ እንክብሉን በትጋት ውጦ ያንኑ አረንጓዴ ቀስት ቢያገኝ ምን ብሎ እንደሚያምን ማሰብ አያዳግትም። መጀመሪያ ላይ በአጋጣሚ ከፍ ብሎ የተለካ ነገር ሁለተኛ ሲለካ ወደ መካከለኛው መመለሱ የታወቀ የስታቲስቲክስ ጠባይ ነው፤ የድርጅቱ የዳግም ምርመራ ንግድ ግን በዚህ ጠባይ ላይ በምቾት ተቀምጧል።

ተጨማሪ ከፍዬ ያገኘሁት የቴሎሜር ገጽ ነው፤ ከሁሉ የተከፋሁበትም እርሱ ነው። ገጹ ቴሎሜርን፣ ማለትም የዲኤንኤ ጥቅል የሆነውን የክሮሞዞምን ጫፍ፣ «የሕይወት ሻማ» ይለዋል፤ በረዘመ ቁጥር ዕድሜም ይረዝማል ማለቱ ነው። ታሪኩ ከዚህ ይልቅ የሚስብ ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ከአካል ወጥተው በብልቃጥ የሚያድጉ ሕዋሳት ያለ ገደብ እንደሚከፋፈሉ ይታመን ነበር፤ አሌክሲስ ካሬል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ከጫጩት ልብ በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህን እምነት አጽንቶት ነበር። በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ የሰው ሕዋሳት 50 ጊዜ ያህል ከተከፋፈሉ በኋላ እንደሚቆሙ አሳዩ። ከዚህ የሚያስገርመው፣ ሕዋሳቱ በመሐል በበረዶ ተቀምጠው ቆይተው ሲቀልጡ ቆጠራቸውን ካቆሙበት መቀጠላቸው ነው። ቆጣሪው የክሮሞዞም ጫፍ ሆኖ ተገኘ። በጫፉ ላይ ስድስት ፊደላት ያሉት አንድ ሐረግ በሺዎች ጊዜ እየተደጋገመ ተጽፏል፤ ሕዋስ ሲከፈል ዲኤንኤውን የሚገለብጠው መሣሪያ የመጨረሻዋን ጫፍ መጨረስ ስለማይችል ጫፉ በየክፍፍሉ ከ50 እስከ 100 ፊደላት ያህል ያጥራል። የሚያስረዝመው ኢንዛይም ቴሎሜሬዝ ይባላል፤ ለዚህ ግኝት ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሬይደርና ጃክ ሾስታክ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በ1998 ቴሎሜሬዝ የተሰጣቸው መደበኛ የሰው ሕዋሳት የተለመደውን ገደባቸውን አልፈው ሲከፋፈሉ ታይተዋል።

እስከዚህ ድረስ ሻማ የሚለው ምሳሌ ያስኬዳል። የላቦራቶሪ አይጥ ቴሎሜር ግን ከሰው ቴሎሜር እጅግ ይረዝማል፤ የምትኖረው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። በመጠን ከእርሷ ብዙ የማትበልጠው ፀጉር የለሽ ፍልፈል ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ ትኖራለች። የቴሎሜር ርዝመት ብቻውን ዕድሜን የሚወስን ቢሆን ኖሮ አይጥ ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። በሰው አካል ውስጥ የቴሎሜር ማጠር ትልቁ ጥቅም ልክ ያጣ ክፍፍልን መግታት ይመስላል፤ ከካንሰር ሕዋሳት ወደ ዘጠና በመቶ የሚጠጉት ቴሎሜሬዝን መልሰው ያበሩ መሆናቸው፣ በተፈጥሮ ረጅም ቴሎሜር ያላቸው ሰዎችም ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው መገኘታቸው ይህንኑ ያሳያል። የኔ ሪፖርት «ቴሎሜርዎን የማራዘም ዕድል አለዎት» ብሎ ወደ ሱቁ የሚወስድ ማስፈንጠሪያ ሲሰጠኝ፣ ስለዚህ ሌላኛው ወገን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እንዲህ ያለውን ዝምታ ከቸልተኝነት በላይ አድርጌ እመለከተዋለሁ።

በአንጻሩ ስለ አርጅተው ስለማይሞቱ ሕዋሳት የሚናገረው ገጽ በጥሩ እጅ የተጻፈ ነው። መከፋፈል ያቆመ ሕዋስ ሁልጊዜ አይሞትም፤ ቴሎሜሩ ያለቀበት፣ ዲኤንኤው የተጎዳበት ወይም ወደ ካንሰር ሊያመራ ያዘነበለ ሕዋስ እንደ ፒ16 ባሉ ፕሮቲኖች ፍሬን ተይዞ ባለበት ይቀራል። ነገር ግን በዝምታ አይቀመጥም። በዙሪያው እብጠት ቀስቃሽ ምልክቶችንና ሕብረ ሕዋስን የሚሸረሽሩ ኢንዛይሞችን ያመነጫል፤ አጠገቡ ያሉትንም ወደ እርሱ ሁኔታ ሊስባቸው ይችላል። ወጣት በሆነ አካል ውስጥ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ያነሡታል፤ እነርሱም ሲደክሙ ይከማቻል። በ2016 በታተመ ሙከራ አንድ ዓመት ከሞላቸው አይጦች ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት በየጊዜው ሲወገዱ የአይጦቹ መካከለኛ የሕይወት ዘመን በሩብ ያህል ረዝሟል። እነዚሁ ሕዋሳት ቁስል እንዲጠግ እንደሚረዱ ደግሞ በ2014 ታይቶ ነበር፤ ስለዚህ ጠራርጎ ማጥፋት የሚባለው ነገር ዋጋ አያስከፍልም ማለት አይቻልም። ሪፖርቱ ይህን ሁሉ በሚገባ ካስረዳ በኋላ ግን በገጹ ግርጌ «የእርስዎ መጠን፦ መካከለኛ» ይላል። ጉልበቴ ውስጥ ወይም ጉበቴ ውስጥ ስንት እንዲህ ያሉ ሕዋሳት እንዳሉ በወረቀት ላይ የደረቀ የጣት ደም ሊናገር አይችልም፤ ሊናገር የሚችለው ቢበዛ የደም ሕዋሳቱን ነው። ማብራሪያውን የጻፈው ባለሙያና ያቺን አንድ መስመር የጨመረው ሰው የተለያዩ ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ።

የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ስለሆኑት ስለ ሚቶኮንድሪያና ስለ ፕሮቲን መበላሸት የተጻፉት ገጾች አጫጭር ናቸው፤ አዲስ ነገርም የላቸውም። ስለ ምግብና ዕድገት መቆጣጠሪያ ሥርዓት የተጻፈው ግን መነበብ ይገባዋል። በ1993 ሲንቲያ ኬንየንና ባልደረቦቿ ዳፍ 2 በተባለ አንድ ጂን ላይ ለውጥ ያለበት ጥቃቅን ትል ከተለመደው ከሁለት እጥፍ በላይ እንደምትኖር አሳዩ። ጂኑ ከኢንሱሊን ጋር የሚዛመድ ምልክት የሚቀበል ፕሮቲን የሚሠራ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ምግብ ሲትረፈረፍ ሕዋስ ያድጋል፣ ይገነባል፤ ሲጎድል ግን ወደ ጥገና ይዞራል፣ ያረጁ ክፍሎቹን አፍርሶ መልሶ ይጠቀምባቸዋል። ከኢስተር ደሴት አፈር የተገኘው ራፓማይሲን የዚህን ሥርዓት ዋና ማዞሪያ፣ ማለትም ኤምቶር የተባለውን ፕሮቲን ይገታል። በ2009 በወጣ ውጤት 600 ቀን ለሞላቸው፣ በአይጥ ዓለም ሽማግሌ ለሚባሉ አይጦች ተሰጥቶ የረጅም ዕድሜ ጣሪያቸውን በሴቶቹ 14፣ በወንዶቹ 9 በመቶ ከፍ አድርጓል። በሰው ላይ ግን ይህ መድኃኒት በዋናነት የሚታወቀው የአካል ንቅለ ተከላ ለተደረገላቸው ሕሙማን የበሽታ መከላከያን ለማዳከም በመስጠቱ ነው።

እዚህ ላይ ለአገልግሎቱ ገዢ ከሁሉ የሚጠቅመው አንድ ጥናት ሪፖርቱ ውስጥ በግማሹ ብቻ ተጠቅሷል። ካሌሪ በተባለው ሙከራ ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሌላቸው 220 ጎልማሶች ተሳትፈው፣ ከእነርሱ በዕጣ የተመረጡት ለሁለት ዓመት ከምግባቸው ሩቡን እንዲቀንሱ ተጠየቁ፤ በተግባር የቀነሱት 12 በመቶ ያህል ነበር። የደማቸው ናሙና በ2023 በታተመው ትንተና ሲነበብ፣ በዳኒዲንፔስ የተለካው የእርጅና ፍጥነት ከ2 እስከ 3 በመቶ ቀንሷል። ሪፖርቱ ይህን ይጠቅሳል። ፊኖኤጅና ግሪምኤጅ በዚያው ናሙና ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላሳዩ ግን አይጠቅስም። ሰዎች ለሁለት ዓመት በባለሙያ ክትትል ምግብ ቀንሰው በሦስት ሰዓቶች ሲለኩ በአንዱ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ለውጥ ከታየ፣ በሦስት ወር እንክብል 3.3 ዓመት ይቀንሳል የሚል ቀስት ምን ያህል ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ አንባቢ ይፍረድ።

እንክብሎቹን በተመለከተ፣ የሪፖርቱ የመጨረሻ ሩብ የሱቅ ዝርዝር ነው። «ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ» የሚለው ዝርዝር በሁለቱ ናሙናዎቼ፣ ማለትም በ44ም በ49ም ዓመቴ፣ አንድ ዓይነት ነበር። በአናቱ ላይ የተቀመጠው የአንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ኦክሲጅን ወለድ ጉዳትን ይከላከላሉ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች፣ ድብልቅ ነው፤ ከጀርባው ያለው ሐሳብ ዴንሃም ሃርማን በ1956 ያቀረቡት፣ እርጅና ከኦክሲጅን የሚወለዱ ጉዳት አድራሽ ሞለኪውሎች ውጤት ነው የሚለው ንድፈ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ የሚያሳምን ነበር፤ ሙከራው ግን አልደገፈውም። በ1994 ውጤቱ በታተመው የፊንላንድ ጥናት 29,133 ወንድ አጫሾች ተሳትፈው፣ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2009 ደግሞ ቫይታሚን ሲና ኢ በእንክብል የወሰዱ ወጣቶች የአካል እንቅስቃሴ ሊያስገኝላቸው ይገባ የነበረውን ለኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ የመስጠት ጥቅም እንዳጡ ታይቷል፤ እነዚያ «ጎጂ» ሞለኪውሎች በመጠኑ ሲገኙ ሕዋሱ ራሱን እንዲጠግን የሚያነቁ ምልክቶችም ናቸውና። የሚመረምረኝ አካልና መድኃኒቱን የሚሸጥልኝ አካል አንድ ሲሆን ምርመራው ጤነኛ ነህ ብሎ የሚያሰናብተኝ ቀን ይመጣል ብዬ አልጠብቅም።

ከሁሉ የገረመኝ ትክክለኛው ነገር ግን በአባሪ ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፎ አገኘሁት፦ «የትምባሆ ተጋላጭነት፦ ቀደም ሲል»። ማጨስ ካቆምኩ 11 ዓመት አልፎኛል፤ በመጠይቁ ላይ ስለ ማጨስ የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ ትቼው ነበር። ይህ ጥንቆላ አይደለም፤ ኤኤችአርአር በተባለው ጂን ላይ ያለው የሜቲል ቅጥያ መጠን በትምባሆ ጭስ በጉልህ ይቀንሳል፣ ካቆሙ በኋላም ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጊዜ አይመለስም። በሦስቱም ናሙናዎች ላይ አንድ ዓይነት ውጤት የሰጠ ብቸኛ ንባብ ይህ ነው። በትልቁ መታተም የነበረበት ይህ፣ በትንሹ መታተም የነበረበት ያኛው ይመስለኛል። ነገሩ ግን ሌላ ፍርሃት ያስከትላል፤ ያልነገርኩትን የሚያውቅ ፋይል በማን እጅ ነው ያለው? የስምምነት ቅጹ «መረጃዬ ለምርምር አጋሮች ይሰጥ» የሚለውን ሳጥን አስቀድሞ ምልክት አድርጎበት ይቀርባል፤ ገዢው አይቶ ካላነሣው ፈቅዷል ማለት ነው። አጋሮቹ እነማን እንደሆኑ፣ የጤናና የሕይወት መድን ሰጪዎች ይገኙባቸው እንደሆነ አይገልጽም።

ይህን አገልግሎት ሥነ ሕይወት ለሚወድ፣ ቁጥር ለሚያነብና ጥሬ መረጃውን አውርዶ ራሱ በታተሙት ቀመሮች ለማስላት ለሚችል ሰው ልመክረው እችላለሁ፤ ጥሬ ፋይሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኛል፣ የተሟላና በሥርዓት የተዘጋጀም ነው። ስለ ጤንነቱ ተጨንቆ መልስ ለሚፈልግ ሰው ግን አልመክረውም፤ የደም ግፊቱን፣ የደም ስኳሩንና የኩላሊቱን ሥራ የሚያስመረምር ሰው ስለ ቀጣዮቹ ዐሥር ዓመታቱ ከዚህ የበለጠ ይረዳል፣ የተበላሸውንም የሚያስተካክል ሐኪም ያገኛል። ድርጅቱ ከመጀመሪያው ገጽ ቁጥር አጠገብ የስሕተት ወሰኑን ቢያትም፣ የሰዓቱን ስም ቢገልጽና ሱቁን ከሪፖርቱ ቢለይ ግምገማዬን እቀይራለሁ፤ ይህንኑ ጽፌላቸው «አስተያየትዎን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል» የሚል መልስ አግኝቻለሁ። ናሙናዎቼ እንዲወገዱና መረጃዬ እንዲሰረዝ ያቀረብኩት ጥያቄ በዘጠነኛው ቀን መፈጸሙን በደብዳቤ አረጋግጠውልኛል። ከዚያ በሳምንቱ «የአራተኛ ምርመራ ጊዜዎ ደርሷል» የሚል ማስታወቂያ መጣልኝ።